ከኋላ አታሳጥረው

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11

ጠዋት መብራት አልነበረም። የፀጉር መቁረጫው ቶንዶስ አይሠራም። በመቀስ ብቻ አምስት ሰው። አውራ ጣቴ ላይ መቀሱ የሚያርፍበት ቦታ ተልጧል። በሁለተኛው ወንበር የሚሠራው ባልደረባዬ፣ ሬዲዮ የምንለው፣ ምላሱ መብራት አይፈልግም። ሲያወራ ዋለ። አንዱን ራሰ በራ ደንበኛ "አንተንስ በጨለማም እሠራሃለሁ፣ ራስህ ያበራልኛል" አለው። ሰውዬው ከሁላችንም በላይ ሳቀ።

ስምንት ሰዓት ላይ ቀጮ መጣ። ልጄ። ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ፣ ቤት ሳይገባ። ኮሌጅ ከገባ አምስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ወደ ቤት ሲመጣ የመጀመሪያው። ቦርሳውን ጥግ ጣለና ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ከስቷል። ይሄ ልጅ ከዚህ በላይ ምኑ ይከሳል እል ነበር... ከስቷል።

ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰርኩለት። እንደ ልማዴ ከማጅራቱ ልጀምር ስል፣

"አባዬ፣ ከኋላ አታሳጥረው።"

"ለምን?"

"ዝም ብለህ።"

ፀጉሩን በማበጠሪያ ወደ ላይ ሳነሣው አየሁት። ከቀኝ ጆሮው ጀርባ፣ ከማጅራቱ ትንሽ ከፍ ብሎ። እብጠቱ የእንቁላል ግማሽ ያህላል። መሐሉ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ቢጫ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ከአልጋ ወደቅሁ። ተደራራቢ አልጋ ነው፣ እኔ ላይኛው ነኝ።"

በመስታወቱ ውስጥ ዓይኔን ሸሸኝ። ሬዲዮ ውሃ ሊቀዳ እስኪወጣ ጠበቀና ቀስ ብሎ ነገረኝ። ነባሮቹ ተማሪዎች አዲሶቹን "ያሟሻሉ"። እንደ አዲስ ድስት። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ግድግዳ አስደግፈው ያቆሟቸዋል። የትራስ ልብስ ውስጥ ጫማ ከትተው በሱ ይመታሉ። የተመታው "አመሰግናለሁ" ይላል።

"ሁሉም ያልፍበታል አባዬ። የቀረው አንድ ወር ነው። የተናገረ ሰው ግን ይብስበታል። ለእማዬ እንዳትነግራት። ሰኞ ጠዋት እዚያ ትገኛለች፣ ቢሮ ለቢሮ ትዞራለች... ከዚያ እኔ አለቀልኝ።"

እውነቱን ነው። እሷ እንደዚያ ናት።

እኔስ ሥራ ስለምድ ጌታዬ በቶንዶሱ ጀርባ አናቴን ይለኝ አልነበር? ምን ሆንኩ? "ቻለው። ወር ምን አላት" አልኩት። "እሺ" አለ። ትከሻው ወረደ፤ የቀለለው መሰለኝ።

ጎኖቹን አሳጥሬ የኋላውን ተውኩለት። አጭሩና ረጅሙ የሚገናኙበት መስመር እንዳይታወቅ በመቀስ ጫፍ፣ አርባ ደቂቃ። እብጠቱ ላይ ፀጉሩን አስተኛሁት። ከየትም በኩል ቢያዩት አይታወቅም።

ጥሩ ሥራ ነው።


እሑድ፣ ጥቅምት 12

ምሳ ላይ ሚስቴ፣ "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ሞድ ነው? ከፊት ወታደር፣ ከኋላ ዘፋኝ!"

"የዘመኑ ነው። አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ" አልኳት።

"ተዉኝ እስቲ፣ ሁለታችሁም ሞደኛ ናችሁ። ግን ያምራል፣ ማሙሽዬ።"

ልትደባብሰው እጇን ስትሰድ ቀጮ ጎንበስ ብሎ የወደቀ ሹካ ፈለገ። የወደቀ ሹካ አልነበረም። ከጠረጴዛው ሥር ቀና ሲል ተያየንና ሳቅን። እሷም ሳቀች፣ በምን እንደምንስቅ ሳታውቅ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ማቆሚያው ድረስ ሸኘሁት። በመስኮት "ደህና ሁን ጌታው" አለኝ። እየሳቀ። ደህና ነው።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

ደወለ። ከእናቱ ጋር ብቻ አወሩ። ካልሲ ላኩልኝ አለ። ራሴን ያመኛል ብሏታል፣ የፈተና ነው ብሏታል።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከኮሌጁ ተደወለ። የአንድ ሰው ጺም ግማሹን ላጭቼ ነበር። ሰማሁ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና የቀረውን ግማሽ ጨረስኩ። አንገቱን በአልኮል ጠረግሁለት። "እጅህ ይባረክ" አለኝ ሰውዬው። ሲወጣ ለሬዲዮ፣ "ልጄ ሞቷል ይላሉ" አልኩት።

ለምን ጨረስኩ?


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 28

ትናንት ቀበርነው።

ሰው ብዙ ነበር። እጄን የሚጨብጠውን ሁሉ "አሜን" እላለሁ፤ የማየው ግን ፀጉሩን ነው። የማን ጆሮ ላይ ወርዷል፣ የማን ግንባር ሸሽቷል። የኮሌጁ ዲን በግራ በኩል ተዛንፎ ተቆርጧል። ማን ይሆን የቆረጠው? ልጄ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ያሰብኩት ይህን ነው። ሌላ ነገር ላስብ ሞከርኩ። አልመጣም።

ዛሬ ጣቢያ ፖሊሱ ከወረቀት ላይ አነበበልኝ። ዓርብ ማታ ዐሥራ አንድ አዲስ ተማሪዎችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል አስገብተው ቆለፉ። ቀጮ በሁለተኛው ምት ወደቀ። "ያስመስላል" ብለው ውሃ ደፉበት። ተሸክመው አልጋው ላይ አወጡት፤ ላይኛው አልጋ ላይ። ጠዋት አልነቃም። አራት ነባር ተማሪዎች ተይዘዋል። ፖሊሱ ሲጨርስ "እዚህ ጋ ይፈርሙ" አለኝ። ፈረምኩ። ፊርማዬ እንደ ወትሮው ነው።

ሚስቴ አላለቀሰችም። ታላቅ እህቷ "አልቅሺ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ውስጥሽ ያራል" ትላታለች።

"እሺ እትዬ" ትላለች። እሺ ብላ ሳህን ታጥባለች።


ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ፀጉር ቤቱን ከፈትኩ። ሬዲዮ ዝም አለ። ዝም ያለ ሬዲዮ ያስፈራል።

ደንበኞች ወደ እሱ ወንበር ይሄዳሉ። የኔ ባዶ እያለ ተሰልፈው ይጠብቁታል። ሐዘንተኛ እጁ ይንቀጠቀጣል ብለው ይሆናል። እጄ አይንቀጠቀጥም። እኔን የገረመኝ እሱ ነው።

አንድ ሽማግሌ ገብተው ሰልፉን አዩ፣ እኔን አዩ። "እኔ ወረፋ የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም" ብለው ተቀመጡልኝ። ከማጅራታቸው ጀመርኩ። ከቀኝ ጆሯቸው ጀርባ ያለውን አጥንት በጣቴ ነካሁት። ደረቅ ነው። ምንም የለውም። ነካሁትና እጄን እዚያው ተውኩት።

"ምን አገኘህ?" አሉኝ።

"ምንም፣ አባባ።"

ድሮ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት እገባ ነበር። ዛሬ ወለሉን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ። መቀሶቹን በየቁመታቸው ደረደርኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ገባሁ። እሷ ወጥ ቤት ነበረች። ለምን አመሸህ አላለችኝም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ሁለታችንንም ጠራን። ጠባብ ክፍል። ግድግዳው ላይ የዓይን መመርመሪያ ፊደላት፤ ትልቁ ከላይ፣ ትንሹ ከታች። እሱ ሲናገር እኔ ታች ያሉትን ሳነብ ነበር።

"ሁለት ጉዳት ነው ያለው" አለ። "አንደኛው የዚያን ዕለት ማታ። ሌላው የቆየ ነው፤ ሁለት ሳምንት ያህል። ውስጥ ለውስጥ ቀስ እያለ ይደማ ነበር። አዲሱ ምት ብቻውን ላይገድለው ይችል ነበር። በአሮጌው ላይ ስለመጣ ነው።"

"ሁለት ሳምንት?" አለች ሚስቴ። "ቤት ነበራ። እኔ ጋ ነበራ። የት ላይ ነው?"

ሐኪሙ በራሱ ራስ ላይ አሳያት። ከቀኝ ጆሮው ጀርባ። "እዚህ ጋ። ያኔ ታይቶ ቢሆን..." አልጨረሰውም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ጣቱን አየሁ። ልክ ቦታው ነው።

ደረጃው ላይ ስንደርስ ቆመች። ሰው በመሐላችን ይወጣል፣ ይወርዳል። "አላየሁም" አለች። "ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔ ሥር ነበር። አላየሁም።"

አንተስ አላለችኝም። ብትጠይቀኝ እናገር ነበር... እናገር ነበር?


ረቡዕ፣ ኅዳር 13

አልተናገርኩም።


ሰኞ፣ ኅዳር 18

ሚስቴ ሸሚዝ ፋብሪካ፣ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ናት። እዚያ ከገባች ሃያ ዓመቷ ነው። እያንዳንዱ ሸሚዝ ከመታሸጉ በፊት በእሷ እጅ ያልፋል። ትገለብጠዋለች፣ ለብርሃን ትዘረጋዋለች። ያመለጠ አንድ ስፌት፣ የተንጋደደ አንገትጌ፣ የተረሳ ክር። እንከን ያለበት ላይ ቀይ ተለጣፊ ትለጥፍና ትመልሰዋለች። ፋብሪካው ውስጥ "እሷ ካሳለፈችው አለቀ" ይባላል።

ዛሬ አለቃዋ እኔ ጋ ደወለ። ከተመለሰች ጀምሮ ሁሉንም እየመለሰች ነው። ዓርብ ብቻ አራት መቶ ሸሚዝ።

"ወንድሜ፣ እኔም አገላብጬ አየሁት። ምንም የለውም። ምኑ ጋ ነው ስላት፣ 'ይኖረዋል፣ እኔ ሳላየው ቀርቼ ነው' ትለኛለች። ምን ላድርግ?"

"ታገሣት" አልኩት።

ራት ላይ ያንን ቅዳሜና እሑድ ትቆጥራለች። ሰሞኑን በየቀኑ። ሰሃኗን ገፋ አድርጋ፣ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈች።

"ዘጠኝ ተኩል ገባ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ሳምኩት። የትኛውን ጉንጩን ሳምኩት? ግራውን። ከዚያ ቀኙን። ቀኙን ስስም አጠገቤ ነበር፣ አየህ? ራት ላይ በግራዬ ተቀመጠ። በግራዬ ከሆነ ቀኝ ጆሮው በኔ በኩል ነው። ዳቦ ሳቀብለው ይህን ያህል ነው የሚርቀው።" በስንዝር ለካች። "ሸሚዙን ሳጥብ አንገትጌውን አሽቻለሁ። ደም ቢኖር አየው ነበር። አልነበረም። ወይስ ነበረ?"

"ራስሽን አትውቀሺ" አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በዚህ አፌ።

"ለማላውቀው ሰው ሸሚዝ ዓይን አለኝ" አለች። "ለልጄ ግን..."

ትንሽ ቆይታ፣ "ፀጉሩ ግን አምሮበት ነበር።"


ማክሰኞ፣ ኅዳር 19

የጥቅምት 11ን ገጽ መልሼ አነበብኩ። "ጥሩ ሥራ ነው" ይላል። የኔ እጅ ጽሕፈት ነው።


ሰኞ፣ ኅዳር 25

ጉዳያችንን የያዘልን ጠበቃ የድሮ ደንበኛዬ ነው። ጺሙን ሊላጭ መጣ፤ ሬዲዮን ሲጋራ ግዛልኝ ብሎ ላከው። ጠበቃው አያጨስም።

ኮሌጁ ውስጥ ታኅሣሥ 19 አጣሪ ጉባኤ ይቀመጣል። አራቱ ልጆች የፍርድ ቤት ናቸው። የጉባኤው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ኮሌጁ ያውቅ ነበር ወይ? የማደሪያው ተቆጣጣሪ ምንም አልሰማሁም ብሏል። ያውቅ እንደነበር ካሳየን ልብስ ማጠቢያው ይዘጋል፣ ማሟሸት የሚባለው ነገር ያበቃል። ካላሳየን አራት ባለጌዎች ያደረጉት ሆኖ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች አራት ይመጣሉ።

"አሁን እነሱ የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው" አለኝ፣ አገጩን ወደ ላይ አድርጎ። "ያ የቆየው ጉዳት። ወላጆቹ አይተው ዝም ካሉ እኛ እንዴት እንወቅ ይላሉ። አላያችሁም አይደል?"

ምላጩ ጉሮሮው ላይ ነበር። "አላየንም" አልኩ።

"በቃ። እንደሱ በሉ። ሌላ ቃል አትጨምሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።"

እንግዲህ ዝምታዬ ምክንያት አገኘ። ለልጄ ብዬ ነው። ነገ ለሚመጡት ልጆች ብዬ ነው። እንዴት ያለ የሚመች ምክንያት...


እሑድ፣ ታኅሣሥ 1

ስድስት ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። እሷ ስትገላበጥ አልሰማኋትም።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 3

ከቀጮ በታች ባለው አልጋ ይተኛ የነበረው ጓደኛው ቤት መጣ። ኮሌጁን ለቋል። ረጅም ነው፣ ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። ሚስቴ ሻይ አቀረበችለት። ሳይጠጣው ያማስለዋል።

"ለማንም አልተናገረም?" አለችው። "ማንም አላየለትም?"

ልጁ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ብርጭቆውን። "አላውቅም እትዬ።"

"እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር፣ ታውቃለህ? እኔ እንኳን አላየሁለትም።"

"አይ እትዬ... እርስዎ ምን ያድርጉ።"

ደጅ ድረስ ሸኘሁት። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ። የለበሰውን ሹራብ እጅጌ እየጎተተ ቆመ።

"ጋሼ፣ ነግሮኝ ነበር። ሰኞ ነው፣ ከዚህ እንደተመለሰ። ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት። 'አባቴ አይቶታል፣ ቻለው ነው ያለኝ፣ ስለዚህ ምንም አይደለም' አለኝ።"

የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ቆምኩ።

"አልናገርም ጋሼ። ለማንም። አይዞህ።"

ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። እኔም "አመሰግናለሁ" አልኩት።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 5

አመሰግናለሁ አልኩት። ሌላ ልጅ፣ ሌላ ነገር ደብቆ፣ ለትልቅ ሰው ብሎ፣ አይዞህ እያለ ይሄዳል። እኔም በሩ ላይ ቆሜ እሸኛለሁ።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 10

ሬዲዮ ዛሬ ቀልድ ሞከረ። መሐል ላይ ረሳው። "ቆይ፣ መጨረሻው ይመጣልኛል" አለ። አልመጣለትም። ሁላችንም ጠበቅነው።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 15

ነገርኳት።

ምሳ ሳይደርስ ነው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለጉባኤው የምታነበውን ትጽፍ ነበር፤ ከጎኗ ያልተላጠ ድንች። "ስማኝ እስቲ፣ የተሳሳተ ካለ አርመኝ" አለችና አነበበች። ሁለተኛው መስመር ላይ "እኔ እናቱ፣ በልጄ ላይ የነበረውን ምልክት ሳላይ በመቅረቴ..." ይላል።

"እሱን አጥፊው" አልኩ።

"ለምን?"

"እውነት አይደለም።"

"ምኑ ነው እውነት ያልሆነው?"

"ሳታዪ የቀረሽ አይደለም። እንዳታዪ ያደረግሁት እኔ ነኝ።"

እስክሪብቶውን አላስቀመጠችም። ነገርኳት፣ ከመጀመሪያው። ከኋላ አታሳጥረው ማለቱን። ማበጠሪያውን። አልጋውን፣ ከዚያ እውነቱን። ለእማዬ እንዳትነግራት ማለቱን። ቻለው ማለቴን። ስጨርስ የቧንቧው ጠብታ ይሰማል። ከዚያ ጠየቀችኝ። በሥራ ድምፅዋ ነው የጠየቀችኝ፤ ፋብሪካ ውስጥ እንደምትጠይቅ።

"ምን ያህል ነበር?"

"የእንቁላል ግማሽ።"

"ቀለሙ?"

"ጥቁር። ጠርዙ ቢጫ።"

"ስትነካው አመመው?"

"አልነካሁትም። በማበጠሪያ ነው ያየሁት።"

"አልነካኸውም።"

"አልነካሁትም።"

"መደበቁ ስንት ደቂቃ ፈጀ?"

"አርባ።"

ራሷን ነቀነቀች፤ ቁጥሩ ልክ እንደሆነ ሁሉ። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው። ቢላዋውን አነሣችና ድንቹን መላጥ ጀመረች። ልጣጩን ሳታቋርጥ፣ አንድ ረጅም ልጣጭ።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 16

ሥራ ሄደች። ተመለሰች። ለኔም ሰሃን አቀረበች። አታናግረኝም። ቀጮ ክፍል ውስጥ ተኛች።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 17

ለጠበቃው ነገርኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለቴ ሃሎ አልኩ።

"ለማን ተናግረሃል?"

"ለሚስቴ።"

"ሌላ?"

"ሌላ ማንም።"

"እንግዲያው እዚያው ይቅር። የቤት ገመና ነው። አንተም ተጎድተሃል፣ ምን አጠፋህ... ሐሙስ ግን አፋችሁን ሰብስቡ።"

"እኔ አልወስንም" አልኩት። "እሷ ናት።"

"ሴትዮዋ ምን አለች?"

"ምንም።"


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 19

አንድ አውቶቡስ ላይ ሄድን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወንበሮቹ ክንድ አላቸው፣ ለመጻፊያ። ሰባት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ። እያንዳንዳቸው ፊት የውሃ ጠርሙስ። ከኛ በስተኋላ የተጠሩ ተማሪዎች፣ ያ ረጅሙ ልጅም። ተቆጣጣሪው ተነሥቶ አልሰማሁም፣ ማንም አልነገረኝም አለ። ጥሩ ሰው ይመስላል። ያሳዝናል እንኳ።

ከዚያ የኮሌጁ ጠበቃ ወደ ሚስቴ ዞረ። ድምፁ ለስላሳ ነው።

"እመቤቴ፣ በሐዘንዎ ላይ መጨመሬ አይደለም። ግን ልጅዎ በዚያ ሳምንት መጨረሻ ቤት ነበር። ምንም ምልክት አላዩም?"

ጠበቃችን ጉሮሮውን ጠራረገ። ሚስቴ ተነሣች። ወረቀት አልያዘችም።

"እኔ አላየሁም። እንዳላይ ተደርጎ ነው። አባቱ አይቷል። እሱን ጠይቁት።"

ተቀመጠች። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

ተነሣሁ። ቦታውን፣ መጠኑን፣ ቀለሙን ተናገርኩ። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን፣ የትራስ ልብሱን፣ አመሰግናለሁ የሚያስብሉትን። የተናገረ ይብስበታል ማለቱን።

"ስለዚህ ያውቁ ነበር" አለ ሰውዬው።

"አውቅ ነበር።"

"እያወቁ መልሰው ላኩት።"

"ማቆሚያው ድረስ ሸኘሁት።"

ወደ ጠረጴዛው ዞሮ እጁን ዘረጋ፤ ሌላ ምን ልጨምር እንደሚል ሰው። ጠበቃችን ፋይሉን ዘጋ። አለቀ ብዬ ልቀመጥ ስል ከኋላ ወንበር ተንቋቋ።

"እኔ ልናገር?"

ረጅሙ ልጅ። ማንም ሳይፈቅድለት ቆሟል። እኔን ነው የሚያየው፤ ጋሼ፣ አሁን ይቻላል ወይ እንደሚል። ራሴን ነቀነቅሁለት።

"ለተቆጣጣሪው ነግሬዋለሁ። ማክሰኞ ዕለት ነው፣ ጓደኛዬ ከመሞቱ ዐሥር ቀን በፊት። ቢሮው ሄጄ፣ ራሱ አብጧል፣ ሐኪም ቤት ይላክልን አልኩት። ቤተሰቡ ያውቃል ወይ አለኝ። አባቱ አይቶታል፣ ቻለው ብሎታል አልኩት። እሱም፣ 'አባቱን ካልጨነቀው እኔን ምን ጨነቀኝ' አለኝ።" ልጁ አፍንጫውን በሹራቡ እጅጌ ጠረገ። "እስካሁን ያልተናገርኩት... እሱን ብናገር የጋሼን መናገሬ ነው ብዬ ነው።"

ተቆጣጣሪው ቁጭ እንዳለ ነበር። አልተነሣም። አልሰማሁም አላለም።

ሰባቱ ሰዎች ይጽፋሉ። እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲሄድ ብቻ ይሰማል። አባቱን ካልጨነቀው... ሚስቴን ላያት ፈራሁ። አየኋት። ፊት ለፊት፣ ግድግዳውን ታያለች።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 27

ደብዳቤው ደረሰ። ሁለት ገጽ። ኮሌጁ በጊዜው ተነግሮት እንደነበር ተረጋግጧል። ተቆጣጣሪው ተሰናብቷል፣ ማደሪያው ለጊዜው ተዘግቷል፣ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይመራል። ጠበቃው "ከዚህ በላይ አንመኝም" አለ።

ሚስቴ ቆማ አነበበችው፤ ለብርሃን ዘርግታ፣ እንደ ሸሚዝ።

"ሁለተኛው ገጽ ላይ አንተ አለህ" አለችኝ።

ከነገርኳት ወዲህ ለኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። አየሁት። "በቤተሰብ በኩል የታየው ቸልተኝነትም" ይላል። አንድ መስመር ተኩል። የኔን ስም አይጠራም። እኔ ግን ነኝ።

ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ደወለ። "ዛሬ ሦስት ብቻ መለሰች። ሦስቱም እውነተኛ እንከን አለባቸው።" ደስ ብሎታል። እኔም ጥሩ ነው አልኩ።


ረቡዕ፣ ጥር 2

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። እንደ ሰሞኑ።

በሩን ከመክፈቴ እርጥቡ ፎጣ መጣብኝ። ከፀጉር ቤት ለእጥበት ያመጣሁት፣ ጠዋት አልጋ ላይ ረስቼው የሄድኩት። ፊቴ ላይ። ከዚያ ድምፅዋ።

"እኔ ማነኝ? ያንተን ፎጣ የምለቅም ሴት ነኝ? አልጋው በሰበሰ! የት ነበርክ እስካሁን? ወለል ስትጠርግ? ስንቴ ይጠረጋል አንድ ወለል!"

ፎጣውን ከፊቴ አነሣሁ።

"ተናገር! ፈሪ! ሁለት ወር ሙሉ ስቃጠል ቁጭ ብለህ አየኸኝ! ራስሽን አትውቀሺ አልከኝ፣ በዚያ አፍህ! የኔ ልጅ! የኔ ልጅ ነበር! ብትነግረኝ በጥርሴ ይዤው ሐኪም ቤት እሄድ ነበር! በጥርሴ!"

ደረቴን መታችኝ። በሁለቱም እጇ። አልተከላከልኩም። ጎረቤታችን በሩን አንኳኳ፤ "ሰላም ነው ወይ?" አለ።

"ሰላም አይደለም!" አለችው እሷ። "ሂድ!" ሄደ።

መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ግድግዳ ተደግፋ። አለቀሰች። እንደዚያ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም፤ ቀጮን ስትወልድም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሆነ ድምፅ ሰማሁ፤ ከየት ነው ብዬ ዞርኩ። ከኔ ነው። ደረቴ የመታችኝ ቦታ ያመኛል። አሁንም እየጻፍኩ ያመኛል።

ቆይታ አፍንጫዋን በዚያው ፎጣ ጠረገች።

"አልጨረስኩም" አለች። "ነገም አለ። ከነገ ወዲያም። ሁሉንም ነው የምነግርህ።"

"እሺ" አልኳት። "ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እገባለሁ።"